የሰኮና መበስበስ የባለጋሪውን ካፒታል ይበላል

ሰኔ ሲገባ የጭነት መኪና ባለንብረት ጎማውን ያያል፣ ፍሬኑን ያስፈትሻል፣ የዝናብ መጥረጊያውን ያስቀይራል። ጭቃ ላይ የተንሸራተተ መኪና የሚያስከትለውን ኪሣራ ያውቀዋልና። በጋሪ ሥራ የሚተዳደረው ሰው ግን ጎማውንና ጠፍሩን አይቶ ያልፋል እንጂ የፈረሱን እግር አንስቶ የሰኮናውን ሥር የሚመለከትበት ጊዜ ጥቂት ነው። በክረምት ፈረስን ከሥራ ውጭ ከሚያደርጉት ችግሮች አንዱ የሚጀምረው ደግሞ እዚያው፣ ዓይን ከማያየው ቦታ ነው። ይህ ችግር የሰኮና መበስበስ ነው።

የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የአዲስ አበባን ምዕራባዊ ዳር የያዘ ነው። ከመርካቶ ተነስቶ ወደ አምቦ የሚወጣው መንገድ በዊንጌትና በአስኮ አድርጎ ቡራዩ ይገባል። ወደ ጅማ የሚወስደው ደግሞ በአየር ጤና በኩል ወደ ዓለም ገናና ወደ ሰበታ ያልፋል። በዚህ አቅጣጫ እህል፣ ገለባ፣ አጣና፣ አሸዋና ሸቀጥ ይመላለሳል። ዋናውን አስፋልት መኪና ይዞታል። ከአስፋልቱ ወጣ ባሉት የዳር ሰፈሮችና በአጎራባቾቹ ከተሞች ግን መኪና የማያዋጣውን ወይም የማይደርስበትን አጭር ጉዞ የሚሸፍነው የጋማ ከብት ነው። ፈረስ ጋሪ በ1940ዎቹ የአዲስ አበባ ነዋሪ መጓጓዣ እንደነበረ የሚያስታውሱ አዛውንቶች አሉ። በኋላ ታክሲ፣ ቀጥሎም ባጃጅ ገበያውን ቢያጠቡትም የጋሪ ሥራ ጨርሶ አልጠፋም።

ኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ ያላት ስትሆን በዚህም ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ይህ ሁሉ ሀብት የቆመው በአራት ሰኮና ላይ ነው። ‹‹ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም›› የሚለው ተረት ፈረሱ መራመድ እንደሚችል አስቀድሞ አምኖ የተነገረ ነው። ሰኮናው የበሰበሰ ፈረስ አያደርስም።

ችግሩ ምንድን ነው?

የፈረስን እግር አንስቶ ሥሩን የተመለከተ ሰው ከተረከዙ ተነስቶ ወደ ፊት የሾለ፣ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው፣ ሲጫኑት እንደ ጎማ የሚለጠጥ ክፍል ያያል። በግራና በቀኙ፣ አንዳንዴም በመካከሉ እንደ ቦይ የጎደጎዱ ስንጥቆች አሉ። ይህ ጎማ መሳይ ክፍል ፈረሱ በረገጠ ቁጥር የክብደቱን ግፊት ከሚቀበሉትና ከሚያለዝቡት የሰኮና ክፍሎች አንዱ ነው። ጋሪ ለሚጎትት ፈረስ ይህ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

በቦዮቹ ውስጥ ጭቃ፣ ፋንድያና ሽንት ታጭቆ ሲቆይ አየር አይገባም። አየር በሌለበትና እርጥበት ባለበት ቦታ ደግሞ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ከእነዚህ ውስጥ ዋነኛ ተጠያቂ ሆኖ የሚጠቀሰው ፉሶባክቴሪየም ኔክሮፎረም የሚባለው ነው። ይህ ባክቴሪያ በፋንድያና በአፈር ውስጥ ስለሚገኝ ከአካባቢ ማጥፋት አይቻልም። የሚቻለው ምቹ ማደሪያ መንፈግ ነው።

ምልክቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የሚታወቀው በአፍንጫ ሲሆን፣ ሰኮናው ሲጠረግ ከተለመደው የፋንድያ ሽታ የተለየ የሚከረፋ የብስባሽ ሽታ ይወጣል። ቀጥሎ ከቦዮቹ ውስጥ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይታያል። ጎማ መሳዩ ክፍል ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ይቦጫጨቃል፣ ቦዮቹ እየጠለቁ ይሄዳሉ። በዚህ ደረጃ ፈረሱ ብዙውን ጊዜ አያነክስም። የተበላው ሕመም የማይሰማው የላይኛው ቀንድ መሰል ሽፋን ስለሆነ ነው። ማነከስ የሚጀምረው ብስባሹ ከሥር ወዳለው ሕያው ሥጋ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ‹‹አያነክስም፣ ደህና ነው›› የሚለው አስተያየት አደገኛ ነው። ባለጋሪው ችግሩን የሚያውቀው ፈረሱ ማነከስ ሲጀምር ከሆነ ርካሹን የሕክምና ጊዜ አሳልፎታል ማለት ነው።

ክረምትና ጋጣ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን አብዛኛው ዝናቧ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት በዳር ሰፈሮች ያለው የአፈር መንገድ ይጨቀያል። ይሁን እንጂ የመንገዱ ጭቃ ብቻውን ሰኮናን አያበሰብስም። ፈረሱ ቀኑን በጭቃ ውሎ ማታ ሰኮናው ተጠርጎ ደረቅ መሬት ላይ ካደረ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ዋናው ጥፋት የሚደርሰው በሌሊት ነው። ብዙ ጊዜ ፈረሱ የሚያድረው በጠባብ ግቢ፣ ውሃ መውጫ በሌለው መሬት፣ የትናንቱ ፋንድያ ባልተነሳበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው። ከዚህ የተነሳ በበጋም ቢሆን ጋጣው ካልተጠረገ በሽታው ይይዛል።

ሌላው ምክንያት የሰኮና አለመከርከም ነው። ተረከዙ ሲረዝም ጎማ መሳዩ ክፍል መሬት መንካቱን ያቆማል፣ ቦዮቹም ይጠልቃሉ፣ ቆሻሻም ይይዛሉ። በእርምጃ ጊዜ ጎማ መሳዩ ክፍል መሬት ሲነካና ሲለጠጥ ራሱን በራሱ ያጸዳል። ያን ዕድል ያጣ ሰኮና ይታመማል። ለብዙ ቀን ሳይንቀሳቀስ ታስሮ የሚውል ፈረስም እንዲሁ ነው። የብረት ጫማ የተገጠመለት ፈረስ ከሆነ ከጫማው ሥር የሚታጨቀው ጭቃ ስለሚጨምር ጥንቃቄው መብለጥ አለበት።

ሂሳቡ ሲሠራ

ነጋዴ የሚያምነው ሂሳብ ነውና ነገሩን በቁጥር ማየት ይበጃል። የሚከተሉት አሐዞች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ሲሆኑ እያንዳንዱ ባለጋሪ በራሱ ገቢና ወጪ ሊተካቸው ይችላል።

አንድ ጋሪ ከመኖና ከሌላ ወጪ ቀሪ በቀን 400 ብር ያስገባል እንበል። የፈረሱ የቀን መኖ 150 ብር ይሁን። ፈረሱ ሰኮናው በስብሶ ለ14 ቀን ቢቆም በየቀኑ 400 ብሩ ይቀራል፣ 150 ብሩ ግን አይቀርም፤ ፈረስ ቢሠራም ባይሠራም ይበላልና። የቀኑ ኪሣራ 550 ብር፣ የ14 ቀኑ 7,700 ብር ይሆናል። የሐኪምና የመድኃኒት ወጪ ገና አልተጨመረም።

አሁን ደግሞ የመከላከያው ወጪ ይታይ። አንድን ሰኮና ለመጥረግና ለማየት 2 ደቂቃ ቢፈጅ ለአራቱ 8 ደቂቃ ነው። በክረምቱ 120 ቀናት 960 ደቂቃ ወይም 16 ሰዓት ይሆናል። ይህም የሁለት ቀን ሥራ ያህል ነው፤ በገቢ ሲተመን 800 ብር። 800 ብር ለ7,700 ብር ሲካፈል አንድ አሥረኛ ገደማ ይመጣል። በሌላ አነጋገር ያለ እንክብካቤ በክረምት ከሚሠሩ አሥር ፈረሶች አንዱ ብቻ በዚህ በሽታ ለሁለት ሳምንት የሚቆም ቢሆን እንኳ፣ በየቀኑ ሰኮና መጥረግ ወጪውን ይመልሳል። የሚቆሙት ከአንድ በላይ ከሆኑ ጽዳቱ ትርፍ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የሚያዋጣ ሥራ ለምን አይሠራም? መልሱ ከእንስሳት ሕክምና ይልቅ ከኢኮኖሚክስ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ጊዜ የፈረሱ ባለቤትና ጋሪ ነጂው አንድ ሰው አይደሉም። ባለቤቱ ፈረሱንና ጋሪውን ሰጥቶ በየቀኑ የተወሰነ ሒሳብ ይቀበላል፤ ነጂው ከዚያ በላይ ያገኘውን ይወስዳል። በዚህ አሠራር ለነጂው የፈረሱ የዛሬ ጉልበት ገቢ ነው፤ የፈረሱ የሚቀጥለው ዓመት ጤና ግን የእሱ ሀብት አይደለም። ማታ 8 ደቂቃ ጎንበስ ብሎ ሰኮና መጥረግ ድካሙ የነጂው፣ ጥቅሙ የባለቤቱ ይሆናል። ባለቤቱ በበኩሉ ፈረሱን የሚያየው ሒሳብ ሲቀበል ብቻ ስለሆነ ሰኮናው ሥር ያለውን አያውቅም። የሰኮና መበስበስ የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ባለው ክፍተት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በውሉ ውስጥ ሁለት ነገር ማስገባት ይበቃል። አንደኛ፣ ማታ ፈረስ ሲመለስ አራቱም ሰኮና ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ባለበት ይጠረግ፤ የዕለቱ ሒሳብም ከዚያ በኋላ ይተሳሰብ። ሁለተኛ፣ ፈረሱ በሰኮና ሕመም የቆመበት ቀን ኪሣራ ለሁለቱ ይከፈል። ነጂው የኪሣራው ተካፋይ ሲሆን የጽዳቱም ተቆርቋሪ ይሆናል። ከአንድ በላይ ጋሪ ያሰማራ ባለሀብት ለዚህ ሥራ አንድ ሰው ቢመድብ እንኳ ያዋጣዋል። በ8 ደቂቃ ሂሳብ አንድ ሰው በሁለት ሰዓት 15 ፈረስ ያዳርሳል።

መከላከያው

የጥንት ግሪካዊው ጸሐፊ ዜኖፎን ከ2,300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ እግሩን እንዲያይ መክሯል፤ የጋጣው ወለል እርጥብ ከሆነ ጥሩ ሰኮናም እንደሚበላሽ አስጠንቅቆ ውሃ የሚያወርድ ተዳፋትና ድንጋይ የተነጠፈበት ወለል እንዲሠራ አሳስቧል። ምክሩ ለኮልፌ ግቢም ይሠራል።

ወለሉ ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለ ሆኖ ሽንቱና የዝናቡ ውሃ የሚወርድበት ትንሽ ቦይ ይኑረው። በአዲስ አበባ ለግንባታ የሚውለው ሬድ አሽ ወይም ገረጋንቲ ቢደለደልበት ውሃውን ያሳልፋል። ከላዩ ደረቅ ጭድ ወይም ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ቢነሰነስ እርጥበት ይመጣል። ይሁን እንጂ ሰጋቱራው ርሶ ሳይቀየር ከቆየ ራሱ እርጥብ ፍራሽ ስለሚሆን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ፋንድያው ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ መነሳት አለበት። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ከመድኃኒት በፊት ቆርቆሮ መግዛት ይቀድማል።

ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንት ሥራውን በሚያውቅ ሰው ይከርከም። ጫማ ያለውም በዚሁ ጊዜ ጫማው ወልቆ፣ ሰኮናው ተስተካክሎ ዳግም ይገጠምለት።

የዕለቱ ጽዳት የሚሠራው ጫፉ ስለት በሌለው፣ ለሰኮና መጥረጊያ በተዘጋጀ ቆልማማ ብረት ነው። ብረቱ ከተረከዝ ወደ ፊት ይጎተታል እንጂ ወደ ተረከዝ አይገፋም፤ ለስላሳውን ክፍል እንዳይወጋ ነው። ከዚያ በጠንካራ ብሩሽ ይጠረጋል። የሠራተኛው ዓይን ምስማርና ጠጠር፣ አፍንጫው ደግሞ ሽታውን ይከታተል።

ሕክምናው

በሽታው ገና በሽታና በጥቁር ፈሳሽ ደረጃ ላይ ያለ ከሆነ ሕክምናው ቀላል ነው። ሰኮናው በሚገባ ይጠረጋል። የበሰበሰውና የተንጠለጠለው ቁራጭ አየር እንዲገባ በባለሙያ እጅ ይቆረጣል። ደም እስኪወጣ መቁረጥ ግን ስሕተት ነው፤ አዲስ በር መክፈት ይሆናልና። ከዚያ በተበረዘ ፖቪዶን አዮዲን ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። ማድረቁ መታለፍ የሌለበት ሥራ ነው። ከደረቀ በኋላ የአዮዲን ቲንክቸር ወይም ሐኪሙ ያዘዘው የኮፐር ሰልፌት ውሁድ በቦዮቹ ውስጥ ይደረጋል። ቦዩ ጥልቅ ከሆነ መድኃኒቱን የጠጣ ጥጥ በስሱ ይገባበታል፤ በማግሥቱ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ይህ በየቀኑ ከተደረገና ፈረሱ ደረቅ መሬት ላይ ከቆመ ቀላሉ ሕመም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ መሻሻል ያሳያል። የተበላው ክፍል እስኪተካ ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ፈረሱ የማያነክስ ከሆነ በደረቅ መንገድ ላይ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይጠቅመዋል። ለሁለት ሳምንት አንድ ቦታ አስሮ ማቆም ግን ሕመሙን ይመግባል።

እዚህ ላይ ገንዘብ የሚባክንባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መርፌ ነው። ቀላል የሰኮና መበስበስ የሚገኘው ደም በማይደርስበት የሞተ ሽፋን ላይ ስለሆነ በመርፌ የተሰጠ አንቲባዮቲክ ወደ ቦታው በበቂ አይደርስም። ጽዳቱ ሳይሠራ መርፌ ማስወጋት ገንዘብን በጭቃ መጣል ነው። ሁለተኛው የሚያቃጥል ወይም የሚደፍን ነገር መቀባት ነው። የባትሪ አሲድ፣ ያልተበረዘ በረኪናና ፎርማሊን ከበሰበሰው ጋር ጤነኛውንም ሥጋ ያቃጥላሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በቆሸሸ ሰኮና ላይ ሲለቀለቅ አየሩን ስለሚዘጋ አየር ለሚጠላው ባክቴሪያ ክዳን ይሆነዋል። ክትባትም ቢሆን አይጠበቅ። ቢሾፍቱ በሚመረተው ክትባት የአፍሪካ ፈረስ በሽታን መከላከል ይቻላል፤ የሰኮና መበስበስ ክትባቱ ግን መጥረጊያና ደረቅ መሬት ናቸው።

ሐኪም የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፈረሱ ካነከሰ፣ ሰኮናው ከሞቀ፣ ከሰኮናው በላይ ያለው እግር ካበጠ፣ ሲጠረግ ደም ከወጣ ወይም ከአንድ ሳምንት ጽዳት በኋላ ለውጥ ከሌለ ጉዳዩ ከቤት ሕክምና አልፏል። የሰኮና ውስጥ መግልና የሰኮና መቃጠል የሚባሉት ሕመሞችም ፈረስን ያስነክሳሉ፤ ሕክምናቸው ግን የተለየ ነው። ሰኮናው በምስማር ከተወጋ ደግሞ መዘግየት አይገባም። ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ ከሚጠቁ እንስሳት አንዱ ሲሆን፣ በሽታው አንዴ ከያዘ የሚድነው ጥቂቱ ነው። የተወጋው ምስማር ከመነቀሉ በፊት ሐኪም ቢያየው የገባበትን አቅጣጫና ጥልቀት ለማወቅ ይረዳዋል።

በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ተቋማት ለአገሪቱ እንግዳ አይደሉም። በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመ ነው። እንደ ዶንኪ ሳንክችዋሪ፣ ስፓናና ብሩክ ያሉ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅቶችም በኢትዮጵያ በጋማ ከብት ጤና ላይ ሲሠሩ ቆይተዋል።

ለገዢና ለደላላ

በፈረስ ገበያ ላይ ገዢ ጥርስ አይቶ ዕድሜ ይገምታል፣ ጀርባ ዳብሶ ቁስል ይፈልጋል፣ አስሮጦ እርምጃውን ያያል። ከላይ እንደተገለጸው ግን የሰኮና መበስበስ በጅምሩ አያስነክስም። ስለዚህ ሩጫው ብቻ አይበቃም። ብልህ ገዢ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት አራቱንም እግር ያስነሳል፣ ያስጠርጋል፣ ያሸታል። በተለይ የኋላ እግሮች ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ስለሆኑ አይዘለሉ። ከገበያ በፊት ሰኮናው በጥቁር ዘይት ተለቅልቆ የመጣ ፈረስ ካለ ዘይቱ ለውበት ይሁን ለመሸፈኛ መጠየቅ ነውር አይደለም። እግሩን አላስነሳ የሚል ፈረስም ለወደፊቱ ጽዳት እንደማይመች ታውቆ ዋጋው ላይ ይታሰብ።

የበሰበሰ ሰኮና ያለው ፈረስ አይገዛ ማለት አይደለም። ጅምሩ የሚድን ስለሆነ ማከም ለሚችል ገዢ የዋጋ መደራደሪያ ነው። ጉዳዩ ሁለቱም ወገኖች አውቀውት መሸጡ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ መሆኑን፣ ገዢም የገዛውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ፈረስ ገዝቶ ወደ ግቢ አስገብቶ ከወር በኋላ ሰኮናውን አይቶ ‹‹ታሞ ነው የሸጠልኝ›› ማለት አያዋጣም፤ በዚያ ወር ውስጥ የገዢው የራሱ ጋጣ አበስብሶት ሊሆን ይችላልና። ደላላውም ቢሆን ሰኮና አስነስቶ የሚያስማማ ከሆነ ከግብይቱ በኋላ የሚመጣበት ጭቅጭቅ ይቀንሳል፤ የነገ ደንበኛውንም አያጣም።

ይህ ሁሉ በመርካቶ እህል በረንዳ ለሚጫነው አህያም ይሠራል። የአህያ ሰኮና ጠባብና ቀጥ ያለ በመሆኑ ቦዮቹ ሲታጨቁ በቀላሉ አይታዩም። አህያ ደግሞ ሕመሙን ቶሎ ስለማያሳይ ማንከስ የጀመረ አህያ ለብዙ ጊዜ የታመመ ሊሆን ይችላል።

የመኖ ዋጋ በባለጋሪው እጅ አይደለም፤ የባጃጅ ውድድርም አይደለም። የጋጣው ወለል፣ የማታው መጥረጊያና የነጂው ውል ግን በእጁ ናቸው። የክረምቱ ጋጣ የሚዘጋጀው በግንቦት ነው፤ ሬድ አሹም የሚደለደለው መሬቱ ሳይርስ ነው።